የነጥቧ ቦታ

ሶፓንን የሰደበችው እትዬ ኪርታኔ ናት። ቀኑም የጋኔሽ በዓል ባለቀ ማግስት፣ ሰኞ፣ በራሷ መዋዕለ ሕፃናት፣ በ«አንኩር» በር ላይ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ በተሰበሰቡበት ሰዓት። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ሶፓን ግን ዛሬም፣ የበቀለውን ሽምብራ ከእርጥብ ጨርቁ እየፈታ፣ ቃል በቃል ሊደግመው ይችላል፤ ማን ማን እንደሳቀ ጭምር።

ነገሩ የአንዲት ነጥብ ነገር ነበር። ሶፓን በቆልት የሚሸጥበትን ጋሪ ሰሌዳ በገዛ እጁ ነበር በቀለም የጻፈው። ገበያተኛው በቆልትን «ሞድ» ነው የሚለው፤ «አንኩር» ለዚያው ለበቆልት የተማረ ሰው ቃል ናት። እሱም አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ የለም ወይ ብሎ ከፍ ያለችውን መረጠ። በአገሩ ጽሕፈት፣ በዚያች ቃል ውስጥ «ን» ማለት በመጀመሪያው ፊደል አናት ላይ የምትቀመጥ ነጥብ ናት። ሶፓን በሁለተኛው ላይ አስቀመጣት።

«አኩንር!» ብላ አነበበች እትዬ ኪርታኔ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ልጆች፣ አኩንር የሚባል እህል ታውቃላችሁ? ስማ፣ አንተ! በቆልት ሻጭ አይደለህ? ሞድ ብለህ ጻፍ። አንኩር የእኛ ስም ነው።»

በዕድሜ ይበልጣታል። አንተ አለችው።

በዚያው ምሽት ሰሌዳውን በጋዝ በራሰ ጨርቅ ፍቆ አጠፋው። ጋሪው ከዚያ ወዲህ ስም የለውም። እሱ ግን አዲስ ስም ወጣለት፤ አትክልት ተራ ውስጥ «አኩንር መጣ» ይሉታል። ቃሏም አልተወችውም። ሳታራ ውስጥ የት ይሂድ? ዘር የሚሸጠው ሱቅ አንኩር ነው። ሴቶች የሚወልዱበት ክሊኒክ አንኩር ነው። እንስቷ አምላክ በምትከበርባቸው ዘጠኝ ሌሊቶች በየቤቱ በሸክላ የሚዘራውን እህል ካህኑ ጎንበስ ብሎ አይቶ «አንኩሩ አምሯል» ይላል። በሰፈሩ ጠባብ መንገድ ላይ እንኳ እናቶች «አንኩር! ና ግባ!» እያሉ የሚጠሯቸው ልጆች አሉ። ከተማው በሙሉ ተማክሮ የሚያሾፍበት ይመስለዋል።

ዛሬ ደግሞ ያቺ ቃል ቤቱ ገባች። ልጁ ማንጂሪ ለአራስነት ወደ አባቷ ቤት መጥታ ወንድ ወልዳለች፤ ዛሬ ስሙ የሚወጣበት ቀን ነው። ስሙንም ጠዋት ነገረችው፦ አንኩር።

«ያ ስም ከወጣለት እኔ እዚህ ቤት የለሁም» አላት።

ሚስቱ ሩክማ ከምድጃው ሥር ቀና አለች። «የማንጂሪ አባት፣ ሽምብራው እንኳ ውሃ ጠጥቶ በሁለት ቀን ይለሰልሳል። የእርስዎ ቂም ከምን የተሠራ ነው?»

«ዝም በይ አንቺ። ልጅሽ ለአለቃዋ እጅ መንሻ ልጇን ስታቀርብ ደስ ይበልሽ።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያንገበግበው። ማንጂሪ የምታስተምረው እዚያው፣ እትዬ ኪርታኔ ትምህርት ቤት ነው።

ማንጂሪ ልጇን እያጠባች ነበር፤ ድምፅዋን አላነሳችም። «ለእሷ ብዬ መሰለህ፣ ባባ? ያን ቀን ሰሌዳውን ስትፍቅ ማን ነበር የያዘልህ?»

እሷ ነበረች። እጇ ጋዝ ጋዝ እየሸተተ ራት መብላት አቅቷት ነበር።

«ነጥቧ ነበር የተሳሳተችው፤ ቃሉን ለምን ሙሉውን አጠፋኸው? እኔ ልጄን በቀን መቶ ጊዜ እጠራዋለሁ። ከዚህ ቤት በር ላይ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ። እሷ የሳቀችበት እስኪረሳ ድረስ። አንተ ካልጠራኸው ግን ምን ዋጋ አለው?»

«ሌላ ስም ጠፍቶ ነው?»

«ሞልቷል። የአንተ ግን ይሄ ነው።»

ሶፓን ሽምብራውን አጠበ፤ ጭራው እንዳይሰበር ቀስ እያለ፣ የውሃውን ኃይል በጣቱ እየገታ። ለስም ቀን የሚታደል ሽምብራ ነው፤ ከእሱ የተሻለ የሚያበቅል የለም፤ ይህን ጠላቶቹም አይክዱም።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ቤቱን ሞሉት። ከጣሪያው ማገር ላይ የተንጠለጠለው የሕፃኑ አልጋ በአበባ ተሸፍኗል። ማንጂሪ በወርቃማ ወረቀት የቆረጠቻቸውን የስሙን ፊደላት ራስጌው ላይ ለጥፋለች። ነጥቧ ብቻ የለችም።

ሶፓን ጫማውን አድርጎ በሩ ጋ ቆሟል። ማንጂሪ መጥታ ጀርባዋ ሙጫ የተቀባ ክብ ወረቀት በአውራ ጣቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይቺን ለአንተ ትቼልሃለሁ።»

«ብሳሳትስ?»

«እንግዲህ አኩንር ብለን እናሳድገዋለን። የልጁ ዕድል ነው።»

ሊስቅ ነበር፤ ያዝ አደረገው። ነጥቧን እያየ ሳይገባ ሳይወጣ እንደቆመ፣ እትዬ ኪርታኔ ደረጃውን ወጣች። አርጅታለች። ጉልበቷን ይዛ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ነው የገባችው። አልጋውን አየች፤ ከዚያ ጣቱን አየች፤ ፊቷ በራ።

«ሶፓን! አይ አንተ! ዛሬስ የት ልታስቀምጣት ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ «አኩንር» ስትል ሰማ።

መልሱ አሥራ አንድ ዓመት ተዘጋጅቶ የቆየ ነው። ጋሪውን እየገፋ፣ ማሾ እያጠበ፣ ሩክማ እስኪሰለቻት ድረስ ተለማምዶታል፦ «አንቺ ስሙን በር ላይ ሰቀልሽው፤ ያበቀልኩት እኔ ነኝ።» አሁን ምላሱ ላይ ደርሷል። አንቺ ሊላትም ነው። ሰውም ተሰብስቧል፤ እንዲህ ያለ ቀን አይገኝም።

«ኧረ የልጁ አያት!» አለች ከአልጋው ጎን የሕፃኑ አክስት ቻንዳ። ስሙን በጆሮው ሹክ የምትለው እሷ ናት፤ ሹክ ስትልም ሴቶቹ ጀርባዋን ሊደልቋት ከኋላዋ ተሰልፈዋል። «ስሙ ሳይሞላ ምን ብዬ ልንገረው? እነዚህ ሴቶች እንደሆነ እጃቸውን አሹለዋል! ይፍጠኑልኝ!»

ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። ማንጂሪ አላባበለችውም፤ አባቷን ነው የምታየው።

ሙጫው ጣቱ ላይ መድረቅ ጀምሯል። ሶፓን እትዬ ኪርታኔን አንድ ጊዜ አያት፣ ጫማውን በሩ ላይ አወለቀ፣ አውራ ጣቱን ከፍ አድርጎ እንደያዘ ጀርባውን ሰጥቷት ወደ አልጋው ሄደ።