የትርንጎ ጋን

«ወደኔ አታዘንብይው አልኩሽ! ቀሚሴ አዲስ ነው!» አለች ይመኙሽ።

ትርንጎ ደንግጣ ጋኑን ቀና አደረገችው። ባለጋሪው ከሥር በትከሻው ደግፎ፣ ሁለቱ ልጃገረዶች ግራና ቀኝ ይዘው፣ በስንት መከራ ከጋሪው አውርደው አዳራሹ ደጃፍ ላይ አስቀመጡት። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ብትፈስ ይመኙሽ አታለቅስም ነበር። እንዲያውም ከቤት ሲመጡ ጋሪው ጉድጓድ በገባ ቁጥር «አሁንስ ይሰነጠቅ ይሆን?» እያለች በጎን ዓይኗ ስታየው ነበር የመጣችው። ጋን ግን እንደሷ ልብ አይደለም፤ በትንሽ በትልቁ አይሰነጠቅም።

አዳራሹ በጣልያን ጊዜ ሲኒማ ይታይበት የነበረ ነው። ዛሬ የጎንደር ትልልቅ ሰዎች ካባቸውን ደርበው የተሰበሰቡበት ለጨረታ ነው። ከገጠር በቃሬዛ እየመጡ ሐኪም ቤቱ ግንብ ሥር ለሚያድሩ ወላዶች ማረፊያ ሊሠራላቸው ታስቧል። ነገሩን ያሰቡት የከተማው ሴቶች ናቸው። ጠጅ የምትጥል ጠጇን፣ ነጋዴ የሆነ ቪኖውን፣ የፈረንጁን ወይን ጠጅ፣ ያመጣል፤ ታዳሚው እየቀመሰ ይጫረታል። ያሸነፈ ሰው ደግሞ ጠጁን ወደ ቤቱ አይወስድም፣ እዚያው ለሕዝቡ ያጠጣል። ገንዘቡ ለወላዶቹ፣ ስሙ ለገዢው፣ ምስጋናው ለጣይዋ።

«ስካሩስ ለማን ነው?» ብላ ይመኙሽ ጠዋት እናቷን ጠይቃ፣ መልሱን በቁንጥጫ ተቀብላለች።

እናቷ ወይዘሮ ሽታዬ በጠጅ የታወቀች ናት። የዛሬውን ጠጅ ግን እሷ አልጣለችውም። ይመኙሽም አልጣለችውም። የጣለችው ትርንጎ ናት፤ የወይዘሮ ሽታዬ ወንድም ልጅ፣ ከእንፍራንዝ ከመጣች ገና ዓመት ያልሞላት፣ ኤሌክትሪክ መብራት እፍ ብላ ልታጠፋ የሞከረችው ትርንጎ!

ይመኙሽ አምስተኛ ክፍል ደርሳለች፤ የዓለምን ወንዞች በቃሏ ትጠራለች። ጠጅ ግን አልሆነላትም። ለፋሲካ የጣለችውን የንስሐ አባታቸው አንዴ ተጎንጭተው ዓይናቸውን ጨፈኑና «ልጄ፣ ጾሙ እኮ አልቋል» ብለው ብርሌውን አስቀመጡት። ትርንጎ ታዲያ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጥፋ ታዳምጥና «ገና ነው፣ እያጉረመረመ ነው» ትላለች። በሌላው ቀን ደግሞ «ዝም አለ፤ ደርሷል» ትላለች። ሲከፈትም እውነትም ደርሷል። ወይዘሮ ሽታዬም «ይች ልጅ እጇ ሸጋ ነው» ትላለች። አንድ ቀን ብላ ብትተው ጥሩ ነበር፤ በየቀኑ ነው የምትለው።

ቅናት ደግሞ አንዴ ከገባ ምግብ አይመርጥም። ወይዘሮ ሽታዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሹሩባ ስትሠራ ከትርንጎ ትጀምራለች፤ ይመኙሽ ጋ ስትደርስ ጣቷ ዝሎ «ያንቺስ እንዲሁም ያምራል» ብላ በጥድፊያ ትጨርሰዋለች። አልጋውም የይመኙሽ ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ግድግዳው በኩል ያለው ሙቁ ቦታ የትርንጎ ሆኗል፤ «እንግዳ ናት» ተብሎ። ዓመት ሊሞላት ነው፣ አሁንም እንግዳ!

ዛሬ ግን ነገሩ የሚለይለት ቀን ነው። የትርንጎ አባት አያ ክንዱ ጠዋት ከእንፍራንዝ መጥቷል። ይመኙሽ ከበር ኋላ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

«ሰውየው ሀብታም ነው፤ ከብቱ በረት አይበቃውም። ልድርለት ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለ አያ ክንዱ።

«ሰውየው እኮ ካንተ በላይ ሸብቷል፣ ወንድሜ!»

«ምነው፣ ሽበት ወንጀል ነው? እዚህ ሆና ምን ትሠራለች?»

«ሥራ አላት! ዛሬ ማታ ጋኗን ታየዋለህ። ከተሸጠላት እኔ ዘንድ ትቀራለች፣ ከይመኙሽ ጋርም ትምህርት ቤት ትገባለች።»

«ካልተሸጠስ?»

«ካልተሸጠ ነገ ይዘሃት ሂድ።»

እንግዲህ አያ ክንዱ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ከአዳራሹ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ይመኙሽም የራሷን ሒሳብ ሠርታ ጨርሳለች፦ ጋኑ ካልተሸጠ፣ ሹሩባውም አልጋውም እናቷም ይመለሱላታል።

ጨረታውን የሚመሩት መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው። በከተማው ከሳቸው የሚበልጥ ድምፅ የለም፤ ዋጋ ሲጠሩ እንኳ ዜማ ይገባበታል። መጀመሪያ የቀረበው ግራዝማች ዳኛው ከአስመራ ያስመጡት ቪኖ ነበር። ቡሹ ጷ! ብሎ ሲከፈት አንድ ሽማግሌ ጎንበስ አሉ። በትናንሽ ብርጭቆ ታደለና ሁሉም አፉ ውስጥ ይዞ እርስ በርሱ ተያየ።

«መድኃኒት ነው እንዴ?» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

«ዝም በል፣ የፈረንጅ ጣዕም እንዲህ ነው። እየቆየ ነው የሚገባህ።»

«እኔስ ሳይገባኝ ቢቀር ይሻለኛል።»

ቢሆንም ቪኖው ተሸጠ፤ አንድ የጽሕፈት ቤት ሹም ስሙ እንዲጠራለት ብሎ ገዛው፤ የጠጣለት ግን ጥቂት ሰው ነው።

«ቀጣዩ ከወይዘሮ ሽታዬ ቤት የመጣ ጠጅ ነው!» አሉ መሪጌታ። «ጣይዋ የወንድሟ ልጅ ትርንጎ ናት። አሳላፊ ትቅረብ!»

አሳላፊዋ ይመኙሽ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ በእናቷ ግብዣ ሁሉ ማንቆርቆሪያ ይዛ የምትዞረው እሷ ናትና ይህንን ማንም አልነጠቃትም። የአሳላፊ ወግ ደግሞ የታወቀ ነው፤ እንግዳ ከመቅመሱ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ፣ ሰው እያያት ትቀምሰዋለች። ያኔ ጠጁን የሚያይ የለም፣ ፊቷን ነው የሚያየው። ፊቷ ከፈካ ብርሌው ይነሣል። ፊቷን ካጠቆረች ግን ትልቅ ሰው ያንን ጠጅ አፉ አያደርሰውም።

ይመኙሽ ይህን ስታስብ ነው ቀኑን የዋለችው።

ለእመት ወለተሩፋኤልና ለግራዝማች ዳኛው በብርሌ ቀዳች። ከዚያ ግራ መዳፏን ዘረጋች፣ ጠብ አደረገች፣ ቀመሰች። መጀመሪያ ማሩ መጣ፤ ከኋላው ጌሾው፣ ለስለስ ብሎ፣ የማሩን እጅ ይዞ የሚሄድ ይመስል። ጉሮሮዋ ላይ ሞቀ። እንዲህ ያለ ጠጅ እናቷም ጥላ አታውቅም። ይኼ ነው ያናደዳት። መጥፎ ቢሆንማ ደግ ትሆን ነበር።

ፊቷን አጨማደደችው። ጎሽ የሚያሰኝ ማጨማደድ፤ አፍንጫም፣ ከንፈርም፣ ቅንድብም።

እመት ወለተሩፋኤል፣ እኒያ በከተማው ቤታቸው የማይቆጠር ባለጸጋ መበለት፣ ወደ አፋቸው ያነሡትን ብርሌ ሳይቀምሱ አስቀመጡት። ግራዝማችም አስቀመጡ።

«ማን ይጀምር?» አሉ መሪጌታ። ዜማው ከድምፃቸው ጠፍቷል። «ስለ ወላዶቹ ስትሉ...»

ማንም የለም።

ትርንጎ ከጋኑ ኋላ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። ጠጋ ብላ በቀስታ «ጌሾው ነው?» አለቻት። «ጌሾው በዝቶ ነው አይደል? አክስቴን እንዳያሟት፣ እባክሽ ይሜ፣ ጥፋቱ የትርንጎ ነው በያቸው።»

ከወደ ኋላ አያ ክንዱ ተነሣ። ጋቢውን አጣፋ፣ ዱላውን ያዘ። የተቆጣ አይመስልም፤ ሥራ የቀለለለት ሰው ነው የሚመስለው።

ይመኙሽ የፈለገችው ሁሉ እጇ ገብቷል። ቀና ስትል ግን እናቷን አየቻት። ወይዘሮ ሽታዬ ትርንጎን አይደለም የምታየው። ጠጁን ቤት ቀምሳዋለች፤ ስለዚህ የምታየው ልጇን ነው። እንዲህ አድርጋ ያየቻት ጊዜ ትዝ አይላትም፤ እንደማያውቋት ሰው።

«እንግዲህ አንድ ጊዜ...» አሉ መሪጌታ። «ሁለት ጊዜ...»

ይመኙሽ መዳፏን እንደገና ዘረጋች፣ ቀዳች፣ ጠጣችው። አሳላፊ አንዴ ነው የምትቀምሰው፤ የደገመች ልጃገረድ ስሟ ለብዙ ጊዜ የሰው መሣቂያ ይሆናል። እሷ ደገመች። ከዚያ ሠለሰች፤ መዳፏንም ላሰች። ካህናቱ ባሉበት!

«ኧረ ይች ልጅ!» አለ አንድ ድምፅ። ሳቅ ተነሣ።

«ምነው ልጄ» አሉ እመት ወለተሩፋኤል፣ «ከመረረሽ ለምን ትደጋግሚዋለሽ?»

«አልመረረኝም፣ እመት።»

«ታዲያ ፊትሽን ምን አጨማደደው?»

ይመኙሽ ውሸት ፈለገች። ብዙ ጊዜ አታጣም፤ ዛሬ ግን አንድም አልመጣላትም።

«ቅናት ነው» አለች። «እኔ የጣልኩት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። የማንም እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

እመት ወለተሩፋኤል ሻሻቸው እስኪላላ ሳቁ። ብርሌውን አንሥተው ተጎነጩ፤ ሳቃቸውንም አቋርጠው ደግመው ተጎነጩ።

«መሪጌታ!» አሉ። «ወዳጅ ያመሰገነውን ጠጅ ስጠጣ ነው የኖርኩት። የቀና ሰው የመሰከረለት ግን ዛሬ ገና ገጠመኝ። ሃምሳ ብር!»

«ስድሳ!» አሉ ግራዝማች ዳኛው፤ የቪኖው ነገር አንገብግቧቸው ኖሮ።

«ሰባ!»

የመሪጌታ ዜማ ተመለሰ። እንደ በዓል ዋዜማ እያንቆረቆሩ ጠሩት። በመጨረሻም በአንድ መቶ ሃያ ብር ለእመት ወለተሩፋኤል ጸና፤ የቪኖው እጥፍ ነው። አያ ክንዱ ቆሞ ቆሞ ተመልሶ ተቀመጠ። ዱላውንም ከወንበሩ ሥር አስገባው።

«እስቲ ለኔም አንድ ቅዱልኝ» አለ ጎኑ ላለው ሰው፣ ራሱን እየነቀነቀ። «የልጄን ልቅመሰው እንጂ።»

ወይዘሮ ሽታዬ መጣችና የትርንጎን ጉንጭ በሁለት እጇ ይዛ ሳመቻት። ይመኙሽን አልሳመቻትም፤ አልተቆጣቻትምም። በአጠገቧ ስታልፍ ብቻ የቀሚሷን አንገትጌ አስተካከለችላት።

«የምርሽን ነው?» አለቻት ትርንጎ ቀስ ብላ። «ቀንተሽብኝ ነው?»

«አሁንም አልለቀቀኝም። ብርሌዎቹን ሰብስቢ፣ ሕዝቡ ይጠብቃል።»

አንድ ላይ ወደ መጀመሪያው ጠረጴዛ ሄዱ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው፤ የአሳላፊዋን ፊት ለማየት አንገቱን የሚያሰግገው በዛ። ይመኙሽ ማንቆርቆሪያውን አነሣች፣ መዳፏን ልትዘረጋ አለችና ተወችው። ወደ ትርንጎ ዞረች።

«እጅሽን ዘርጊ።»

«እኔ? ኧረ እኔ አፍራለሁ! ሁልጊዜ አንቺ አይደለሽ የምትቀምሽው?»

«ዘርጊ አልኩሽ። ፊትሽን ግን እንዳታጨማድጅ፤ ማጨማደዱ የኔ ነው።»

ትርንጎ መዳፏን ዘረጋች። ይመኙሽም ለአሳላፊ ከሚገባው ትንሽ አብልጣ ቀዳችላት።