ረጅሙ ታንከኛ

መበለቷ ጠዋት አልጋዋን አነጠፈች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ሻይዋን ጠጣች። የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም፣ ባሏ የሠራውን ሞዴል ታንክ ወደ ውድድር ሊወስድ መጣ።

«እትዬ፣ ታንኩ የእውነተኛው አንድ ሠላሳ አምስተኛ ነው። አጠገቡ የቆመው ወታደር ግን የመብራት ምሰሶ አክሏል! ዳኞቹ ይስቁብናል፤ በአጭር ልተካው።»

ማስመሪያ አንስታ ወታደሩን ለካችው፤ አምስት ነጥብ ሁለት ሳንቲሜትር ሆነ።

«በል በሠላሳ አምስት አባዛው።»

«አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት።» ድምፁ ወረደ። «የወንድሜ ቁመት።»

«ሃያ ዓመት ታንክ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ አገልግሏል። እኔ ቆሜ እያለሁ ማንም አያሳጥረውም! ወይ ሁለቱንም ውሰድ፣ ወይ ባዶ እጅህን ውጣ።»

ሁለቱንም ወሰደ። ታንኩና ረጅሙ ወታደር አሁን ቤት ውስጥ የሉም።