በቅድሚያ የተከፈለ ሦስት ወር

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?» ዳኛዋ የሕፃናት ማቆያውን ደብተር ወደ ከሳሿ፣ ወደ ልብስ አጣቢዋ፣ አዞሩት።

ልብስ አጣቢዋ አየችው። ሦስት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ መስመር ላይ፣ «ልጄን አስረክቤያለሁ» ከሚለው ጎን ፊርማዋ ተደርድሯል።

«የእኔ ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

«እንግዲህ ልጁ ሦስቱንም ወር እኔ ጋ ውሏል» አለች ማቆያውን የምታስተዳድረው ተከሳሿ ሞግዚት፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እያመቻቸች። «እኔ የሰው ገንዘብ በልቼ አላውቅም።»

ልጁ የዋለው ግን አምስት ቀን ብቻ ነው። በአምስተኛው ቀን ማታ እናቱ ከሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ወጥታ ስትደርስ ማቆያው ከውጭ ተቆልፎ ነበር። በመስኮት ስታይ የሁለት ዓመት ልጇ ከነጫማው፣ ብቻውን ተኝቷል። ሞግዚቷ «ሱቅ ደርሼ መጣሁ እኮ» ብላ ሳቀች። እናትየዋ ከዚያ ወዲያ ልጇን ወደዚያ አላመጣችውም፤ በቅድሚያ የከፈለችውን ግን ውሃ በላው።

«ፊርማውን በከፈልኩ ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ነው የጨረስኩት» አለች። የገዛ ድምጿ ከሌላ ክፍል የሚመጣ መሰላት። «ጠዋት ጠዋት ልፈርም ብቆም አውቶቡስ ያመልጠኛል። እትዬ ናቸው ‹ባንድ ጊዜ ፈርሚና ተገላገይ› ያሉኝ።»

ሞግዚቷን ከስሳም «እትዬ» ማለቱን አልተወችም።

«ማስረጃ አለዎት?»

«የለኝም።»

ዳኛዋ ገጾቹን ገለጡ፤ ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ። «እሁድም ይሠራሉ?» አሉ ወደ ሞግዚቷ ዞረው።

«ኧረ እሁድማ ዝግ ነው! እኔስ ሰው አይደለሁ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሁዶቹ ሁሉ ተፈርሞባቸዋል። ከኋላ የተቀመጠ ባለጉዳይ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

የአምስቱ ቀን ሒሳብ ተቀንሶ ቀሪው እንዲመለስ ተወሰነ። ልብስ አጣቢዋ ደስታው ይመጣ እንደሆነ ጠበቀች። አልመጣም።

«ልክፈል ብልስ ከየት አምጥቼ? ለቤት ኪራይ ገብቷል» አለች ሞግዚቷ። «ከፈለገች ልጁን ታምጣው፤ የቀረውን ጊዜ አውልላታለሁ።»

«ይህን የመቀበል ግዴታ የለብዎትም» አሉ ዳኛዋ። «የአፈጻጸም ክስ ከፍተው ገንዘቡን ማስከፈል ይችላሉ።»

«ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

«ሁለት ወር። ምናልባትም ከዚያ በላይ።»

እስካሁን ልጁን ስትጠብቅላት የቆየችው እህቷ ሥራ አግኝታ ነገ ትጀምራለች። የልብስ አጣቢዋ አለቃ ደግሞ ዛሬን የፈቀደላት «ነገ ከቀረሽ በዚያው ቅሪ» ብሎ ነው። የጠየቀቻቸው ማቆያዎች ሁሉ ያለቅድሚያ ክፍያ ልጅ አይቀበሉም፤ የእሷ ቅድሚያ ክፍያ የሞግዚቷን የቤት ኪራይ ከፍሏል። በመስኮት ያየችው ነገር ትዝ አላት፤ ከነጫማው፣ ብቻውን። አፈረች፤ እፍረቱ ግን የደነዘዘ እጅ ላይ እንደሚያርፍ ነገር እምብዛም አልተሰማትም።

ዳኛዋ ብዕራቸውን አንስተው ጠበቁ። «ምን ወሰኑ?»

ልብስ አጣቢዋ ወደ ሞግዚቷ ዞረች።

«እትዬ፣ ነገ ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?»