ገጽ 213

ማርያማዊትን ከትምህርት ቤት ያስወጣኋት በአንድ አንቀጽ ተኩል ምክንያት ነው። የስድስተኛ ክፍል የታሪክ መጽሐፏ ለአገራችን የሰጣት ቦታ ያችው ነበረች፤ ከሥሯም የግመል ሥዕል። አስተማሪዋን አነጋገርኩ፣ ርዕሰ መምህሩን አነጋገርኩ፣ ሁለቱም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ራሱን እየነቀነቀ ከሚሰማኝ ሰው የሚሰድበኝ ይሻለኛል። በሳምንቱ ፎርሙን ሞልቼ ልጄን ቤቴ አመጣኋት፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ።

መጽሐፍ አልቸገረንም። ትልልቆቹ ቤተ መጻሕፍት የመቶና የመቶ ሃምሳ ዓመት መጻሕፍታቸውን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተው ኢንተርኔት ላይ በነጻ አስቀምጠዋል። መንገደኛው፣ ሚሲዮናዊው፣ ቆንስሉ ስለ እኛ የጻፈው ሁሉ አለ። ጠዋት አንድ ምዕራፍ ታነባለች፤ ከዚያ ጸሐፊው የት ላይ እንደዋሸ ትነግረኛለች። «የዘለለውን ፈልጊ» እላት ነበር። «ውሸታም የሚያዘው በተናገረው አይደለም፣ በዘለለው ነው።» ሃያ ዓመት በጋዜጣና በሬዲዮ ስከራከርበት የኖርኩትን ነገር ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አስተማርኩ። ጎበዝ ተማሪ ሆነችልኝ።

በጥር አንድ ቅዳሜ የቅድመ አያቴን አባት ስም መፈለጊያው ላይ ጻፍኩ። ባላምባራስ እንግዳወርቅ። እኔ ሰባት ቤት ስቆጥር አምስተኛው እርሳቸው ናቸው። ወጡ። አንድ መንገደኛ ከመቶ አርባ ዓመት በፊት ቤታቸው አርፎ፣ ጠጃቸውን ጠጥቶ፣ ስለ ግርማቸው ሙሉ ገጽ ጽፎላቸዋል። ገጽ 212። ቀጣዩን ሳልገልጥ ስልኬን አነሳሁ።

ይህ የእኛ ሰው ስሕተት ነው። ሌላው መጀመሪያ ገጹን ይገልጣል፤ እኛ መጀመሪያ ለዘመድ እንደውላለን።

ከእኛ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩት አጎቴ ጋሼ ኃይለመለኮት ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው።

«ፈረንጁ መሰከረላቸው?» አሉኝ።

«መሰከረ፣ ጋሼ።»

«አንተ እኮ ፈረንጅ ሁሉ ይዋሻል ትል ነበር።»

«ይሄኛው አልዋሸም።»

ሳቁብኝ። «በል፣ የሚመጣው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጅቱን ይዘሃት ና። እሷ ታንብብልኝ፤ የእኔ ዓይን እንደሁ ከድቶኛል።»

ስልኩን ዘግቼ ገለጥኩ።

ገጽ 213 ሥዕል ነበር። አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቆማለች፣ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ያላወቀች ትመስላለች። ከሥሯ «ከባላምባራሱ የተበረከተችልኝ ልጅ» ይላል። በጀርባው፣ ገጽ 214 ላይ፣ መንገደኛው፣ እርሱ ለባላምባራሱ ለሰጣቸው ጠመንጃ ምላሽ እንደሆነች ይተርካል። ስሟን እንዳልጠየቀም ይናገራል፣ እንደ ቀላል ነገር። መጽሐፉን ፎቶ ያነሳው ሠራተኛ እጁን ሳይሰበስብ ካሜራው ቀድሞት ኖሮ፣ ሮዝ የጎማ ሽፋን ያጠለቀ ጣት በሥዕሉ ጥግ ገብቷል። ገጹን ለመያዝ ነው። ግን ልጅቷን የሚያሳየኝ ይመስል ነበር።

መጽሐፉን ዳውንሎድ አድርጌ ሁለቱን ገጾች ቆረጥኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሽማግሌ ማሳዘን ነውር ነው፣ ልጄም ገና ናት፣ አልኩ። ምክንያት አጥቼ አላውቅም።

ሰኞ የማርያማዊትን ታብሌት ስከፍት፣ ከመጽሐፉ ስም አጠገብ ያለችው ትንሽ ምስል ልጅቷ ነበረች። ፋይሉን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። አሁንም እሷ። ለፊት የሚያወጣውን ገጽ ማሽኑ ራሱ ከቤተ መጻሕፍቱ ዋና ቅጂ ይመርጣል መሰለኝ። ማክሰኞ ሌላ መጽሐፍ፣ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት፣ ከፈትኩ፤ ገጽ 40 ላይ ሮዝ ጣት አለ። ረቡዕ በሦስተኛው መጽሐፍ። ሠራተኞቹ ሁሉ ያንኑ ሽፋን እንደሚያጠልቁ አውቃለሁ። ቢሆንም ጣት ያለበትን ገጽ ሳላነብ ማለፍ ጀመርኩ።

ሐሙስ ማርያማዊት ለእሑዱ ስትለማመድ ጮክ ብላ አነበበች። ገጽ 212 «በማግስቱ ባላምባራሱ ስጦታቸውን አስመጡ» ብሎ ያበቃል። ቀጥሎ 215፦ «በበቅሎ ጭነን ጉዟችንን ቀጠልን።»

ቆመች። «ዌይት፣ ዳዲ። ምኑን ነው የጫኑት?»

«ስጦታውን ነዋ።»

«ስጦታው ምንድነው?»

«ማር ይሆናል።»

«እዚህ ጋ እኮ እስኪፕ አድርጓል።»

«አሮጌ መጽሐፍ ነው፤ ገጽ ይጎድለዋል።»

ታብሌቱን አዙራ ትንሿን ምስል በጣቷ ነካች። «እና ይቺ የት ገጽ ላይ ናት?»

መልስ አልጠበቀችም። የቤተ መጻሕፍቱን ዋና ቅጂ ከፍታ ድምጿን ሳታሰማ አነበበች። ስትጨርስ ቀና አለች። «አንተ ነህ የቆረጥከው።»

«ስሚኝ…»

«የዘለለውን ፈልጊ አልከኝ፣ ፈለግኩ። ለጋሼ ሙሉውን ካላነበብኩ ስኩል መልሰኝ። እነሱ አንድ አንቀጽ ተኩል ነው የሚሰጡኝ፤ ግን ሰጥተው አይወስዱም።»

ጮህኩ። ስለ ፈረንጅ፣ ስለ ዘመኑ፣ ስለ ሌላው ዓለም ባርነት፣ ስለማያመሰግን ልጅ ተናገርኩ። ግማሹ እውነት ነበር። እሷ አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸችም። ጠረጴዛው ላይ፣ ከታብሌቱ፣ የሥዕሉ ልጅ ቆማ ታየኛለች።

እሑድ አልከለከልኳትም። የጋሼ ሳሎን ውስጥ፣ እግራቸው አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ወደ ተሰባበረ አማርኛዋ እየመለሰች ሙሉውን አነበበችላቸው። እኔ የጠፋውን ቴሌቪዥን አይ ነበር።

ጋሼ ታብሌቱን ተቀብለው ሥዕሉን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከዚያ «አያቴን፣ አባባ ንጉሡን፣ ደርሼባቸዋለሁ» አሉ። «የባላምባራስን ልጅ። በበዓል ሥጋ ሲከፋፈል አንድ መደብ ለብቻው ያስቀምጡ ነበር። ማንም አይነካውም። የማን ነው ስንላቸው ‹የሄደችው ነው› ይሉናል። እኛ ባሏን ጥላ የኮበለለች አክስት መስላን እንስቅ ነበር።»

«ስሟስ፣ ጋሼ?» አለች ልጄ።

«እሱን ጠይቀናቸዋል። ‹ልጅ ሆኜ አባቴን ብጠይቃቸው ተቆጡኝ፤ ሁለተኛ አልጠየቅሁም› አሉ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ወንድሜነህ፣ ቁጣህ ከማን እንደመጣ አየህ?»



«በይ እንግዲህ፣ ቤት ቁጠሪልኝ» አሏት። በመጣች ቁጥር ያስቆጥሯታል።

«ወንድሜነህ፣ ደሳለኝ፣ ወልደአምላክ፣ ንጉሡ፣ እንግዳወርቅ…»

ቆመች። ስትረሳ ጠረጴዛውን በጣቴ መታ መታ አድርጌ አስታውሳት ነበር። ይህን ጊዜ ግን አልረሳችም። ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም ይሰማል። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ፤ አንድ ስም ተነግሮ የሚያልቅበትን ያህል ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ ቀሪዎቹን ሁለት ቆጥራ ጨረሰች።

ወደ ሜሪላንድ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ስንደርስ ከኋላ ድምጿ መጣ። «ሰኞ ከየት ነው የምንጀምረው?»

«ከ213» አልኳት።

በመስታወቱ አየኋት። ታብሌቱን ከጎኗ ባለው ባዶ ወንበር አስቀምጣ፣ ቀበቶ አስራለታለች።