ዛሬ ቀብር የለም

አባቴ በሞተበት ቀን፣ መቱ ገበያ መግቢያ ላይ የተሰቀለው የእድራችን ሰሌዳ እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ «ዛሬ ቀብር የለም» ይል ነበር። ሰሌዳውን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ።

አባቴ ጎንፋ ጭምዴሳ ሠላሳ አንድ ዓመት የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ከላይ ሰፈር እስከ ወንዙ ድረስ በእግሩ ይዞራል። ሦስት ጊዜ ይነፋል፣ ይቆማል፤ ከዚያ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ይናገራል። የእኛ አገር ዝናብ ስንት ቦቲ ጫማ እንደበላበት እኔ አውቃለሁ። ጉልበቱ ሲደክም እድሩ የሚተካው ሰው ፈለገ፤ ወጣቶቹ አፈሩ፣ ሽማግሌዎቹ ትንፋሽ አጡ። በመጨረሻ አንድ አባል ከአዲስ አበባ ያገለገለ ሰሌዳ አመጣ፤ በቀይ መብራት ጽሑፍ እያንሸራተተ የሚያሳይ ነው።

እኔ ከመናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለኝ። ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የማውቀውን ያወቅሁት እየነካካሁ ነው። ሰሌዳው የድሮ ዓይነት ሲሪያል ገመድ ብቻ የሚቀበል ሆነና ከእድሩ ቢሮ ኮምፒውተር ጋር የምታገናኘው ኮንቨርተር ተገዛች። የክብሪት ፓኮ የምታክል ጥቁር ሣጥን ናት። በአንድ ጎኗ የኔትወርክ ኬብል ይገባል፣ በሌላው የሰሌዳው ገመድ ይወጣል። ሰሌዳውና እሷ በሶላር ባትሪ ይሠራሉ፤ የቢሮው ኮምፒውተር ግን በመስመር መብራት ነው።

ሴቲንጓን የሞላሁት አባቴ ቢሮው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እያየኝ ነው። አድራሻዋን ሰጠሁ፤ ፍጥነቷን ከሰሌዳው ጋር አስተካከልሁ፤ ሁለት ሰው አንድ ላይ እንዳይጽፍ ከአንድ ኮምፒውተር በላይ እንዳትቀበል አደረግሁ። መስመሩ ዝም ካለ በአምስት ደቂቃ እንድትዘጋውም አዘዝኋት። በሁለተኛው ሳምንት የእድሩ ጸሐፊ ጋሼ ሸጋው መጡ።

«መታሰቢያ፣ ይህቺ ዕቃሽ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ታኮርፈኛለች። እንደገና ተገናኚ፣ እንደገና ተገናኚ እያልኩ ልለምናት ነው?»

«ዝም ሲሏት ትዘጋለች፣ ጋሼ።»

«እንዳትዘጋ አድርጊያታ!»

አደረግሁ። መስመሩን አንዴ ከያዘች በራሷ እንዳትለቅ አዘዝኋት። ጋሼ ሸጋው መረቁኝ።

ቀብር በሌለበት ቀን ሰሌዳው ጨለማ ስለሚሆን ሰው ተበላሸ ይል ጀመር። ስለዚህ በየጠዋቱ «ዛሬ ቀብር የለም» ተብሎ እንዲጻፍ ተስማማን። አባቴ ሳቀ።

«እኔ የለም ብዬ ነፍቼ አላውቅም። ዝም ካልኩ የለም ማለት ነው።»

«አንተ ጎንፋ፣ በሰሌዳ ቀናህ እንዴ?» አሉት ጋሼ ሸጋው።

«እግር በሌለው ነገር አልቀናም።»

ሰው ግን ወደደው። ከቡሬና ከያዮ ለገበያ የሚመጣው ሳይቀር ቀና ብሎ ያነበዋል። የለም ካለ ቡናው ጋ፣ ማሳው ጋ ይሄዳል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰው ከሰው አፍ ይልቅ ሰሌዳውን ማመን ለመደ።

አባቴ በሐምሌ ደረቱን ታሞ ስምንት ቀን ተኛ። ከማረፉ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብና መብረቅ ነበር። የከተማው መብራት ጠፋ፤ የስልኩም ኔትወርክ አብሮ ሄደ። ሊነጋጋ ሲል አባቴ እጄን ይዞ ነበር፤ ከዚያ የያዝኩት እኔ ብቻ ሆንኩ።

ወንድሜ ደበሳ ጋሼ ሸጋው ቤት በእግሩ ሄዶ ነገራቸው። ቀብሩ ስምንት ሰዓት እንዲሆን ከቄሱ ጋር ተስማማ፤ በመንገዱ ላይ ያገኘውንም ሁሉ በአፉ ነገረ። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ኡርጌ ከሁለት ልጆቹ ጋር ድንኳኑን ተከለና መቃብር ሊቆፍር ሄደ። አራት ሰዓት ላይ መብራት መጣ፤ የስልኩ ኔትወርክ ግን አልተመለሰም። ጋሼ ሸጋው የአባቴን ስም ጽፈው ላኩ።

እኛም ጠበቅን።

አምስት ሰዓት ሆነ። ድንኳኑ ውስጥ የጎረቤት ሰዎችና አክስቶቼ ብቻ ነበሩ። አግዳሚዎቹ ባዶ ናቸው። የዚህን ከተማ ሙታን ሁሉ በስም የጠራ ሰው ነው የተኛው። «ዝናቡ ነው፣ ይመጣሉ» አለች አንዷ አክስቴ። ስድስት ሰዓት ላይ ጎመን የያዘች ዘውደነሽ በመንገድ ስታልፍ ድንኳኑን አይታ ቆመች። ከልጅነቴ ጀምሮ ጓደኛዬ ናት።

«መታሰቢያ? ማን ነው?»

«አባዬ።»

ጎመኑ ከእጇ ወደቀ። ከተላቀስን በኋላ ፊቷን እየጠረገች፣ «ሰሌዳው እኮ የለም ይላል» አለች።

«ማል ጄታ?» አለ ደበሳ። ሲደነግጥ በኦሮምኛ ነው የሚናገረው። «ምን ትያለሽ? በአፌ ነግሬያቸዋለሁ!»

«ነግረሃቸዋል። ተሸካሚው ኢቲቻ ከአንተ ሰማሁ ብሎ ገበያ መሀል ሲያወራ ነበር። ሰዎቹ ሰሌዳውን አሳዩት። ሌላ ጎንፋ ይሆናል፣ ልጁ ተሳስቶ ይሆናል ብለው ሸክሙን አስቀጠሉት፤ እኔም አመንኋቸው።»

«አባቱ የሞተበት ልጅ ተሳስቶ ይሆናል አሉ?» አለ ደበሳ።

ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ ተነሳሁ።

«የት ነው? አባትሽ መሬት ሳይገባ?» አለች አክስቴ።

«መጣሁ።»

«የሚያለቅስለት የለ፣ አንቺም ትሄጃለሽ?»

ይህ ቃል እስከ ቢሮው ድረስ በጀርባዬ ተከተለኝ።

ጋሼ ሸጋው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ነበር። «ልኬዋለሁ እኮ» አሉ። «ትንሽ መስኮት በእንግሊዝኛ ወጣ፤ እሺ አልኩት።»

መልሼ ላክሁት። ያው መስኮት ወጣ፤ አልቀበልም ይላል። መብረቁ ሣጥኗን አቃጥሏታል ብዬ ፈራሁ፤ የሴቲንግ ገጿን ብከፍት ተከፈተ። አድራሻዋ ትክክል ነው። ፍጥነቱም ያው ነው። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ። እንደገና ላክሁ፤ አልቀበልም። ቁጥሮቹን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የማነብበው። የግድግዳው ሰዓት ለሰባት አሥር ጉዳይ ይላል።

ከዚያ ሁኔታዋን የሚያሳየውን ገጽ ከፈትሁ። «የተገናኘ፦ አንድ» ይላል፤ ከጎኑ የዚሁ የተቀመጥኩበት ኮምፒውተር አድራሻ፣ የጀመረበትም ሰዓት ትናንት ጠዋት።

ገባኝ። ትናንት መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ደኅና ሁኚ ሳይላት ነው የጠፋው። እሷ ግን በባትሪዋ ነቅታ ነበር፤ መጥፋቱን የነገራት የለም። በራሷ እንዳትለቅ ያዘዝኋትም እኔ ነኝ፣ ከአንድ በላይ እንዳትቀበል ያዘዝኋትም እኔ። የሌለውን የትናንቱን መስመር ይዛ፣ የዛሬውን እንደ ሁለተኛ ቆጥራ የአባቴን ስም በር ላይ አስቆመችው፤ ሰሌዳው ላይም የትናንቱ «የለም» ቀረ።

«ምን ሆና ነው?» አሉ ጋሼ ሸጋው። «ያ መስኮት... እኔ ነኝ ያበላሸሁት?»

«አይደሉም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ።»

«እኔ አይደለሁ እንዳትዘጋ አድርጊያታ ያልኩሽ?»

«እርስዎ ጠየቁኝ። ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

ዝም ስትባል በሁለት ደቂቃ እንድትለቅ ጻፍሁ፣ አስቀመጥሁ፣ ሪስታርት አደረግኋት። ግማሽ ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ነው፤ እኔ ግን በዚያ ውስጥ ከአባቴ ጋር ሰፈሩን በሙሉ የዞርኩ መሰለኝ። ላክሁ። መስኮት አልወጣም።

ወደ ገበያው ሮጥሁ። ሰሌዳው የአማርኛ ፊደል ስለማያወጣ ጽሑፉ በኦሮምኛ፣ በላቲኑ ቁቤ ነው፤ የአባቴ ስም በቀይ ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋል። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች፤ አጠገቧ ያለችውን ጎተተቻት። ከዚያ በላይ አልቆምሁም።

ሰባት ሰዓት አልፏል። ቤት ስደርስ ድንኳኑ ባዶ ነበር። ቄሱ ደመናውን አይተው፣ ዝናብ ሳይመጣ እንውጣ ብለው ነበር። በአቋራጭ ሮጬ ደረስኩባቸው። ሳንዱቁን ስምንት ሰዎች ተሸክመውታል፤ የሚቀይራቸው የለም። በእኛ ዘንድ የሚሸከም ሰው ይሻማል፤ ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበለ ሬሳው ሳይወርድ ነው ዳገቱን የሚጨርሰው። አባቴ ግን ከፍታቱ ማረፊያዎች ውጭም ሁለት ጊዜ ጭቃ ላይ ወረደ። ደበሳ በቀኝ ትከሻው ጀምሮ በዚያው ትከሻ ጨረሰ። ስጠጋው አላየኝም።

«ተሠራ?» አለ፣ ወደፊት እንዳየ።

«ተሠራ።»

«አሁን?»

ከኋላው ዳገቱን ወጣሁ።

ፍታቱ አለቀ። አባቴ ወረደ። ኡርጌና ልጆቹ፣ ከእነሱም ጋር ደበሳ፣ አፈሩን በአካፋ ይመልሱ ጀመር፤ እርጥብ ስለሆነ እየተጓጎለ ይወድቃል። ጉድጓዱ ከግማሽ በላይ ሲሞላ ከበሩ በኩል የሩጫ ድምፅ ተሰማ። ኢቲቻ ነው፤ የሸክም ጆንያው አሁንም ጀርባው ላይ ነው። ከኋላው ሦስት፣ ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ ሰው። ነጠላ የለበሰ የለም። ሽርጥ እንዳሸረጡ፣ እጃቸው የቡና ልጣጭ እንደነካው ነው የመጡት።

ኢቲቻ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከ። «ለእናቴ ቀብር በዝናብ ዞረዋል፤ እኔ ለእርስዎ ሰሌዳ አየሁ!» እያለ መሬቱን በመዳፉ መታ። ቀና ብሎ አየኝ። «አልሰማንም፣ መታሰቢያ። ማርያምን፣ አልሰማንም።»

«የእኔ ጥፋት ነው» አልሁት። ጩኸቱ ስለበዛ የሰማኝ አይመስለኝም። ደበሳ ግን ሰማ።

ልጆቹ አካፋቸውን ሲያነሱ ኡርጌ እጁን ዘረጋ።

«ተዉት። አፈሩን ተዉት፣ ገና የሚመጣ አለ።»

ቄሱ ወደ ሰማይ አዩ፤ ቆመው ጠበቁ። ደበሳ አካፋውን ጥሎ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሰዎቹ አንድ በአንድ እያለፉ አፈር ያለብሱት ጀመር። የቀረው ክምር ትንሽ ነበርና ማንም በእፍኙ አልዘገነም፤ ከኋላ ለሚመጣው እንዲበቃ በጣታቸው እየቆነጠሩ ነበር የሚጥሉት።