የተገለበጠው ልክ

መምህሯ የተማሪውን መልስ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረገችበት። ጥያቄው «ሠላሳ በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አለን፤ አንድ ሊትር ባለ አንድ ተኩል በመቶ ለማዘጋጀት ምን ያህል ፐርኦክሳይድና ውሃ እንቀላቅላለን?» ይላል። ተማሪው ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሚሊ ሊትር ፐርኦክሳይድ፣ ሃምሳ ውሃ ብሎ አርፏል። ገልብጦታል። ጥያቄውን ያወጣችው ከገዛ ጓዳዋ ነበር፤ ድዳቸውን ለሚያማቸው እናቷ መጉመጥመጫውን የምትቀላቅለው ራሷ ናት።

«ይሄ ልጅ የሰው አፍ ሊልጥ ነው!» ብላ ሳቀች።

ሳቋን ሳትጨርስ ክው አለች። ጠዋት ሰርቪስ እንዳያመልጣት ስትጣደፍ፣ ያልተነካውን ትልቁን የፐርኦክሳይድ ጠርሙስ ከፍታ ቀላቀለችና ባዶውን ጣለችው። ሃምሳ ሚሊ ሊትር ብቻ የሚቀዳበት ጠርሙስ እንዴት ባዶ ይሆናል?

እናቷ ጋ ደወለች። አይነሳም። እሳቸው ደግሞ ምሳ እንደበሉ ነው የሚጉመጠመጡት። ወረቀቱን እንደተበተነ ትታ ሮጠች።

«እባክህ ፍጠንልኝ!» አለች ታክሲ ውስጥ።

«መኪናውን ሁሉ ልዋጠው እንዴ፣ እህቴ?» አለ ሹፌሩ።

እናቷ መጉመጥመጫውን ቢውጡትስ? እያለች ፈራች፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

በሩን በርግዳ ስትገባ እናቷ ሶፋው ላይ ልብስ ያጣጥፋሉ።

«እማዬ! አፍሽን ክፈቺ! ተጉመጠመጥሽ?»

እናትየው አይናቸውን ሰበር አደረጉ። «አዎ... ተጉመጥምጬአለሁ።»

«ተነሺ! ሐኪም ቤት!»

እጃቸውን ይዛ ስትጎትታቸው ደነገጡ። «ኧረ ተይ ልጄ! አልተጉመጠመጥኩም። ዛሬ ብቻም አይደለም፤ ሁሌ ነው የምደፋው። አፌን ያንገሸግሸኛል። አንቺ ለፍተሽ ስትሠሪው፣ እንዳትቀየሚኝ ብዬ ነው የምዋሽሽ።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። እንደ ሕፃን አለቀሰች።

እናቷ ያስቀየሟት መሰላቸው። «በቃ፣ በቃ የኔ እናት። ይኸው አሁን፣ አይንሽ እያየ እጉመጠመጣለሁ» አሉና የመጉመጥመጫውን ጠርሙስ አንስተው ክዳኑን አዞሩት።

ዘላ ከእጃቸው ነጠቀችው።

«ምነው? ምን ሆነ?»

«ጊዜው አልፎበታል» ማለት ይቻል ነበር። እናቷ ያምኗታል፤ እሷ ያለችውን ሁሉ ያምናሉ።

«ልኩን ገልብጬው ነው፣ እማዬ» አለች። «አፍሽን የሚያቃጥል ነገር ነው ጠዋት የሰጠሁሽ።»