አንድ ጣት ሲቀረው የሚቆም ዱላ

ክንዱ የሚባለውን ባሌን የማሳ ጎረቤታችን ይግዛው በምሳር ሲመታው ቆሜ አይቻለሁ። ገብስ እያጨድን ነበር፤ ድንበር አለፍክ፣ አላለፍኩም ተባባሉ። የመጀመሪያው ምት አንገቱ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ከወደቀ በኋላ ነው። ክንዱ አልጮኸም። ያቀፈውን ነዶ አልለቀቀውም፤ ደሙ ነዶውን አርሶ መሬት ወረደ። ይሄ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት ሞላው።

ይግዛው እስሩን ጨርሶ ወደ ስማዳ ሲመለስ ልጄ መሐሪ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ያን ሳምንት ምሳር መሳል ጀመረ። እኔ ገዳዩን ይቅር ካላልኩ ልጄ ይገድላል፣ ወይ ይሞታል፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ግን የክንዱን ደም በለቅሶ አታለው ቢወስዱብኝስ?

ይግዛው ከሽማግሌዎች ጋር ደም ሊያደርቅ መጣ። እንደ ደንቡ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ ላይ ተደፋ። አፈር ላይ ተንከባለለ፣ ደረቱን ደቃ፣ እዬዬ አለ። የመጣው ሰው ሁሉ አብሮት አለቀሰ። ድንጋዩን ካነሳሁለት ይቅር አልኩ ማለት ነው። አላነሳሁለትም።

«ፊልም ነው» አልኳቸው።

የሽማግሌዎቹ አለቃ መሪጌታ ንጉሴ ተቆጡ። «አንቺ ደግሞ የፊልም ዳኛ ሆንሽ?»

«እኔ አይደለሁም፣ መሪጌታ። ዳኛውን አስመጣልዎታለሁ።»

ወንድሜ ገብረ ሥላሴ አገር የሚያውቀው የፊልም ተዋናይ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቷል። የመጀመሪያውን ፊልሙን ያየሁት ንፋስ መውጫ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ሽፍታ ሆኖ ይዘላል፣ ዐይኑን ያፈጣል፣ ይፎክራል። ከዚሁ ከእኛ ሠርግ ቤት የለመደውን ፉከራ ነው ይዞት የሄደው። አብሮት የሚሠራውን ሰው የእውነት መትቶ ሁለት ጥርሱን አርግፎበታል። «ካልመታሁት ማን ያምነኛል?» ይል ነበር። ሰው አጨበጨበ፤ እኔ በነጠላዬ ተሸፈንኩ።

ቆይቶ ዱላውን ሰው ጉንጭ ላይ ሊያርፍ አንድ ጣት ሲቀረው ማቆም ተማረ። ያኔ ነው ስሙ የገነነው። ፀጉሩ ሲሸብት ደግሞ መምታቱንም መጮኹንም ተወው። ልጁ የተገደለበት አባት ሆኖ በሠራበት ፊልም አንዲት ቃል አይናገርም፣ አያለቅስም። የጫማውን ክር ያስራል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ያስራል። እኔ ያን ቀን ክንዱን እንደገና ቀበርኩት።

ተዘግቶ የነበረው መንገድ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ወንድሜ መጣልኝ።

«እህትዓለም፣ እኔ የሰው ልብ አላይም» አለኝ።

«ሠላሳ አራት ዓመት ስታስመስል ኖረህ አስመሳይ መለየት ካቃተህ፣ ምን ስትሠራ ነበር?»

ሳቀ። «እሺ፣ ዱላ ፈልጊልኝ። የእውነት የተጸጸተ ሰው ዱላ ሲመጣበት አይሸሽም።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ይግዛው ድንጋዩን ተሸክሞ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ቆሙ። መሐሪን ምሳሩን ቤት አግባ ብዬው ነበር፤ የእናቱ ልጅ ነው፣ አልሰማኝም፣ ይዞት አጥሩ ጋ ቆመ።

ይግዛው ተደፋና ጩኸቱን ጀመረ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ፊቱን አየው።

«ይሄ የእኔ የመጀመሪያው ፊልም ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ዱላውን በሙሉ ኃይሉ ፊቱ ላይ ሰነዘረ። አንድ ጣት ሲቀረው አቆመው።

ይግዛው ግን ሸሸ። ድንጋዩን ከላዩ ወርውሮ፣ ከጋቢው ሥር ጩቤ መዘዘ። ለዕርቅ ብረት ተይዞ አይመጣም፤ ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ያዙ። መሐሪ ምሳሩን አንሥቶ ዘለለ። ወንድሜ መሃል ገባ።

ምሳሩ ትከሻው ላይ ገባ። አጥንቱ እንደ ደረቅ ግንድ ሲሰነጠቅ ሰማሁት።

ወንድሜ በፊልም ስንት ጊዜ ሞቷል። ተንከባሎ ሞቷል፣ እየፎከረ ሞቷል። ይሄኛው አንዱንም አይመስልም። ድካም እንዳሸነፈው ሰው ቁጭ አለ። መሪጌታ እንኳ «አይተናል፣ ይብቃ፣ ተነሥ እንግዲህ» አሉት። ያኔ ደሙ በእጅጌው ወርዶ ጭኑ ላይ ያስቀመጣቸውን ጣቶቹን ሁሉ አለበሰ።

ማንም አልተነቃነቀም። የተነቃነቀው ይግዛው ነው። ጩቤውን ጣለ፣ ጋቢውን ገፎ ቁስሉ ውስጥ ወተፈ፣ በጉልበቱ ተጫነው። እንባ የለም።

«መቀነትሽን» አለኝ፣ ዞሮ ሳያየኝ።

መቀነቴን በሁለት እጄ ጨበጥኩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰውዬው እያለቀ ነው፤ ፍቺው። የክንዱንም ቁስል ያኔ ብጫንለት ይተርፍ ነበር። እኔ ሮጥኩ።»

ወንድሜ ዐይኑን ገለጠ። «አሁን እይው» አለኝ።

አየሁት። ጥርሱን ነክሷል፣ ላቡ ከአፍንጫው ይንጠባጠባል፣ እስከ ክርኑ ደም ነው። ሰው እንደሚያየው ረስቷል። ክንዱ ከሞተ ጀምሮ የታጠቅሁትን ጥቁር መቀነት ፈትቼ ሰጠሁት። አጥብቆ አሰረው። ቃሬዛውን እሱ ከፊት፣ መሐሪ ከኋላ ይዘው ወገዳ ሐኪም ቤት ድረስ ተሸከሙት። መንገዱን ሙሉ አልተነጋገሩም አሉ።

ወንድሜ ተረፈ። ቀኝ እጁ ከትከሻው አይነሣም፤ ዱላ መሰንዘር ቀረ። አሁንም ፊልም ይሠራል። እንዴት አድርገህ ብዬ ብጠይቀው፣ «ቁጭ ማለት ተምሬያለሁ» አለኝ።

ድንጋዩ ዛሬም በተወረወረበት ቦታ፣ ደጄ ላይ ነው። መሪጌታ አንሺውና ዕርቁ በደንቡ ይፈጸም ይሉኛል። አላነሣውም። መቀነቴን ሰጥቻለሁ፤ አልመለሰልኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።